«በሩ ኢ-ሲሜትሪያዊ ነው» ተብሎ ተጻፈልን፤ ምን ማለት ነው?

የበሬሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ነኝ። ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰው ይዞት የሚመጣውን ደብዳቤ አንብቤ አስረዳለሁ። ይሄኛው አይከፈልበትም፤ ከሁሉም የሚያደክመኝ ግን እሱ ነው።

ትናንት ከሰዓት፣ ያ የምታውቁት ብርዳችን ጆሮ ሲቆርጥ፣ አንድ ጎረቤታችን መጡ። በያጅ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የግቢ በር ሠርተው አስገብተዋል። ቀሪ ክፍያቸውን ሲጠብቁ ደብዳቤ መጣላቸው። ነገሩ ያለው አንዷ መስመር ላይ ነው፦ «የተሠራው በር ኢ-ሲሜትሪያዊ ሆኖ ስለተገኘ ርክክቡን ለመፈጸም እንቸገራለን።»

ጋሼ ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስድብ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግኩት። ምክንያቱም እኔም በደንብ አላውቀውም። «ቅርጹ እኩል አይደለም ለማለት ነው መሰለኝ» ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ግን የዋዛ አይደሉም። «እኩል አይደለም ማለት ጠማማ ነው ማለት ነው? ወይስ አንዱ ወገን ይበልጣል ማለት ነው? ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዝም አልኩ።

መልስ ጻፊልኝ ብለውኛል። እስከ ሐሙስ መድረስ አለበት። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ደግሞስ አማርኛ ነው? «ኢ-ተመጣጣኝ» ብዬ ብመልስ ያስኬዳል?

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ቃሉ ከየቦታው ተለቃቅሞ የተሰፋ ነው። መካከሉ ግሪክ ነው፤ «ሲን» አብሮ ማለት፣ «ሜትሮን» ልኬት ማለት። ሜትር የምንለውም ከዚያው ነው የመጣው። ፊቱ ላይ ያለችው «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ናት። ዐሠርቱ ትእዛዛት በግእዝ ሲነበብ «ኢትቅትል፣ ኢትስርቅ» የሚለውን ሰምተሽ ይሆናል፤ አትግደል፣ አትስረቅ ማለት ነው። ጅራቱ ላይ ያለው «-ያዊ» ደግሞ ቅጽል ማድረጊያችን ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው ለማፍረስ «አ» ብለው «አሲሜትሪ» ይላሉ። በኛ ጆሮ ግን «አ» ማድረግን ያመጣል፤ አበላ፣ አጠጣ፣ አለበሰ። ስለዚህ «አሲሜትሪ» ስትይ ላልለመደው ሰው አንድ ነገር ሲሜትሪ እንዲሆን ተደረገ የሚል ነው የሚመስለው! የደብዳቤው ጸሐፊ «ኢ» የመረጠው ለዚህ ይሆናል። ከፍትሐዊ ኢ-ፍትሐዊ፣ ከመደበኛ ኢ-መደበኛ እንደምንለው።

ትርጉሙ፦ ግራና ቀኙ፣ ወይም ላይና ታቹ፣ አንዱ የሌላው መልክ ያልሆነ። በቃ። ጠማማ ማለት አይደለም፤ ተበላሸ ማለትም አይደለም።

ቀልደኛው፦
ኢ-ኮሜርስ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነው። ኢ-ሜይል በኢንተርኔት የሚላክ ነው። ኢ-ሲሜትሪያዊ በርስ? በኢንተርኔት የሚከፈት በር መሆን አለበት። ጋሼ ሳያውቁት ዘመናዊ ሥራ ሠርተዋል፣ ዋጋ ይጨምሩ 😂

ፊደል ቆጣሪ፦
ሳቅሁ፤ ግን ቁም ነገር ነው የተናገርከው። አሁን አሁን «ኢ» ሁለት ሥራ ይዛለች። አንዷ ከግእዝ የወረስናት አፍራሽ፣ አንዷ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጣችው ኤሌክትሮኒክ ማለቷ። ሁለቱም በጭረት ነው የሚጻፉት። ልጆች ሊደናገራቸው ይችላል።

ጎነ ሦስት፦
የሒሳብ መምህር ነኝ፤ እነዋሪ። ለተማሪዎቼ በቃል አላስረዳም፤ ወረቀት አሳጥፋለሁ። የቢራቢሮ ሥዕል መሐል ለመሐል ታጥፊያለሽ፤ ክንፍ ክንፉ ላይ ልክ ይገጥማል። ያ ሲሜትሪ አለው። የመጥረቢያ ሥዕል ቁመቱን ይዘሽ ብታጥፊው ስለቱ አንድ ወገን ይቀራል፤ አይገጥምም። ያ ሲሜትሪ የለውም። መጥረቢያው ግን ጤነኛ መጥረቢያ ነው። እንዲያውም ቢገጥም ነበር የሚያስፈራው፤ ሁለት ስለት ያለው መጥረቢያ ለማገዶ ምን ያደርጋል?

«ኢ-ተመጣጣኝ» ላልሽው፣ እኔ ብሆን አልጽፈውም። ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ብዙ ቤት ያደረ ቃል ነው። ሱቅ ላይ «በተመጣጣኝ ዋጋ» ሲባል ኪስ የማይጎዳ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ «የተመጣጠነ ምግብ» ሲል ከየዓይነቱ በልኩ ማለት ነው። ሕግ ላይ «ተመጣጣኝ እርምጃ» ሲባል ከጥፋቱ ያልበለጠ ነው። አንዳቸውም የግራ ቀኝ ጉዳይ አይደሉም። በሩ ኢ-ተመጣጣኝ ነው ካልሽ ደግሞ ሰው ወይ ዋጋው ተወዷል ወይ ለግቢው በጣም ተልቋል ብሎ ነው የሚረዳው።

በሒሳብ ትምህርት ውስጥማ ነገሩ የባሰ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላውም የሚጨምርበትን ርቱዕ ወደረኛ፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበትን ኢርቱዕ ወደረኛ ነው የምንለው። «ኢ» እዚያም አለች፤ ትርጉሟ ግን ከሲሜትሪ ጋር አይገናኝም። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሁሉንም ይቀላቅሉታል። እኔ የምመክርሽ ያው ሲሜትሪ የሚለውን ይዘሽ «ሲሜትሪ የሌለው» በይ፤ ይገባል፣ አይወላገድም።

ፊደል ቆጣሪ፦
መምህር፣ በአንድ ነገር ልከራከርህ። መጠን የሚለው ሥር ልኬት ነው። ተነጋገረ፣ ተመካከረ እንደምንለው ተመጣጠነ ስንል አንዱ በሌላው ተለካ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ልክ ሆኑ ማለት ነው። ግሪኩ «አብሮ የተለካ» ነው የሚለው። ሁለቱ ቋንቋ ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደርሰዋል። ግሪኩም መጀመሪያ ልክ መሆንን፣ የክፍል ከክፍል መስማማትን ነበር የሚያሳየው፤ የግራ ቀኝ መስታወትነት ኋላ የጠበበ ትርጉሙ ነው። ስለዚህ ተመጣጣኝ ባዕድ አይደለም። ዛሬ ገበያ ስለወሰደብን ነው እንጂ።

ጎነ ሦስት፦
ሥሩ ላይ ልክ ነህ። ግን ቃል የሚኖረው ገበያው ላይ ነው፤ ገበያው ከወሰደው ደብዳቤ ላይ ብቻህን አትመልሰውም።

መንዜው፦
እናንተ ሊቃውንት ናችሁ፤ እኔ የማውቀውን ልናገር። መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እኛ ዘንድ ይሄ ቃል ሞልቷል እኮ! እግር ሲሆን ሸፋፋ፣ ዓይን ሲሆን ሸውራራ፣ ቤት ሲሆን የዘመመ፣ እንጨት ሲሆን ወልጋዳ፣ ነጠላ አጣጥፈሽ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ ሲል ተዛነፈ። ሰውየው ሲሆን ጠማማ። ከየት ነው ቃል የጠፋው?

ግን ስጽፈው አንድ ነገር ታየኝ። ሁሉም ስድብ ናቸው። አንዱም የምስጋና የለበትም። ግራ ራሱ «ግራ ገባኝ» የምንልበት ነው፤ ቀና ግን የደግ ሰው ስም ነው። የጋሼ ጥያቄ የሞኝ አይደለም፤ በአማርኛ እኩል ያልሆነ ነገር ሲነሳ ሰው ተሰደብኩ ቢል ቋንቋው ራሱ ነው ያስለመደው።

ታዲያ በርኖስን ምን ልትሉት ነው? የመንዝን በርኖስ ያየ ያውቃል። ሴቶቹ ከጥቁር በግ ጸጉር ፈትለው፣ ወንዶቹ ሸምነው፣ ከዚያ ተሰፍቶ የሚለበስ ካባ ነው። አንዱ ትከሻ ላይ ሽቅብ ቀጥ ብሎ የወጣ ሹል ነገር አለው። አንዱ ትከሻ ላይ ብቻ! ሌላው ልሙጥ ነው። አያቴ የነበራቸውን አስታውሳለሁ፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰው የቆመበት ይመስል ነበር፣ ሌሊት ተነስቼ ስንቴ ደንግጫለሁ። ያንን በርኖስ ሸፋፋ ያለው ሰው የለም። ወልጋዳ ያለውም የለም። እንዲያውም ያቺ ሹል ነገር ብትቀር በርኖስ መሆኑ ይቀራል፤ ዝም ብሎ ጥቁር ብርድ ልብስ ይሆናል። እና ለሱ የሚሆን ቃል የለንም። አጥቼ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ፊደል ቆጣሪ፦
መንዜው፣ ክርክሩን ጨረስከው። ነገሩ ይሄ ነው። የቤት ቃሎቻችን ሁሉ ጥፋት ያዘሉ ናቸው፤ መደበኛው ቃል ደግሞ ጥፋት የለበትም፣ አይወቅስምም። የደብዳቤው ጸሐፊ ጥፋት መናገር ፈልጎ ጥፋት የሌለበትን ቃል ወሰደ። ጨዋነት መስሎት ይሆናል።

የየኔታ ተማሪ፦
እኔም አንድ ልጨምር። ፊደል ገበታ ፊት ተቀምጦ ያደገ ሰው ይሄን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀውም።

«በ»ን ተመልከቱ። ሁለት እኩል እግር፣ ከላይ ቀጥ ያለ ጣሪያ። መሐል ላይ ብታጥፉት ይገጥማል። አሁን «ባ»ን አምጡ፤ ቀኝ እግሩ ረዘመ። «ቦ» ላይ ደግሞ ግራ እግሩ ረዘመ። «ቡ» ወገቡ ላይ በቀኝ በኩል ጭረት አወጣ። «ቢ» ከቀኝ እግሩ ሥር ጫማ አደረገ። ድምፁ የሚለወጠው እኮ እኩልነቱ በመፍረሱ ነው! «ሰ፣ ሳ፣ ሶ»ም እንደዚያው። እኩል ቢሆኑ ኖሮ ሁሉንም «በ» ብለን ነበር የምናነባቸው፤ ባል፣ ቦታ፣ ቡና፣ ቢላ የሚባል ነገር አይኖርም።

የኔታ በእንጨታቸው እየጠቆሙ «ይሄ እግሩ የረዘመው?» ሲሉ «ባ!» እንል ነበር በጩኸት። ሲሳሳት አርጩሜ አለ። ስለዚህ እኔ እግር መርዘምን ጥፋት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልሴ አንድ ነው፤ ፊደልህን ተመልከት።

ቀልደኛው፦
ይሄን አስተያየት ሰርቄ ለሚስቴ ነገርኳት። «ያንተ እግር ግን ባ ነው ወይስ ቦ?» አለችኝ። ወደ ቦ ነኝ 😂

የጣርማበር ሾፌር፦
ቃሉን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ሰሜን ሸዋ ራሱ እንደዚያ ነው። ከደብረ ብርሃን ሳልፍ ሜዳ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ብርድ። ጣርማበር ዋሻውን ስወጣ መሬቱ ከእግር ሥር ይሸሻል። ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ከ2,800 ሜትር ገደማ ተነስቼ ወደ 1,300 ነው የምወርደው፤ ጃኬቴን መንገድ ላይ አወልቃለሁ። ወደ ምዕራብ ቢሆን ኖሮ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ገደሉ የሚመጣው ጀማ ወንዝ ዘንድ ሲደረስ ነው። ተራራው አንድ ጎኑ ደልዳላ፣ አንድ ጎኑ ገደል።

ዝናቡም እንደዚያ ይከፋፈላል። በዚህኛው ወገን የጣለው በበሬሳ አድርጎ ጀማ ይገባል፣ ከጀማ ወደ አባይ፣ ከዚያ ግብፅን አቋርጦ ባሕር። በዚያኛው ወገን የጣለው በሮቢ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንድ ዳመና፣ ሁለት ዕጣ። እና ማነው ይሄን ተራራ ርክክብ አልፈጽምም ያለው?

የአረርቲዋ፦
ነርስ ነኝ። እኛ ጋ ቃሉ በየቀኑ አለ። የምርመራ ወረቀት ላይ «አሲሜትሪ» ይላል፤ በሽተኛው ያነበዋል፣ ወይ ልጁ ጉግል ያደርግለታል፣ ከዚያ ለቅሶ። ቃሉ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሁለቱ ወገን ይለያያል ነው የሚለው፤ ለምን ተለያየ የሚለውን የሚመልሰው ሐኪሙ ነው። እንኳን ሌላ፣ ሳንባችን ቀኙ ሦስት ክፍል ነው፣ ግራው ሁለት። ጉበት ወደ ቀኝ ነው፣ ልብ ወደ ግራ ዘንበል ያለ። ድንገት የተፈጠረ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፊት አንድ ወገን ድንገት ወደ ታች ከወረደ ቃል አትፈልጉ፣ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ።

የገበያ ሰው፦
ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ አሁን በግ ነው የምነግደው። አትሳቁ። እኛ ዘንድ «አሲሜትሪክ» የሚለው ቃል ስለ ቅርጽ አይደለም፤ ስለ ማወቅ ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ሰው በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጻፈበት፤ በ2001 ከስፔንስና ከስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙበት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

እኔ በበግ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ገዢው በጉን ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን ይመዝናል፣ ጥርሱን ከፍቶ ያያል። ይሄ ሁሉ እኮ ሻጩ የሚያውቀውን ነገር በጣት ለመድረስ ነው! በጉ ባለፈው ወር ታሞ እንደነበር ግን ጥርሱ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ገዢው ለሁሉም በግ ትንሽ ቀንሶ ይጠራል። ያን ጊዜ ጥሩ በግ ያለው ሰው ተናዶ በጉን ይዞ ወደ ቤቱ። ገበያው ላይ የሚቀረው ማን ይመስላችኋል?

ለዚህ «የመረጃ አለመመጣጠን» ነው የምንለው፤ ግሩም አማርኛ ነው። እዚህ ላይ መመጣጠን ቦታውን አግኝቷል፤ የሚለካው የማወቅ መጠን ስለሆነ። ስለዚህ መምህሩም ፊደል ቆጣሪም ልክ ናችሁ፤ ቃሉ ብዛት ላይ ይሠራል፣ ቅርጽ ላይ ይወላገዳል።

መንዜው፦
ለሰውና ለሰውማ ያላቻ የሚባል አለ። ያላቻ ጋብቻ፣ ቆይ ብቻ ቆይ ብቻ። ይሄም ማስጠንቀቂያ ነው እንግዲህ፤ ያልኩትን አላፈረሰም።

አቦይ ቀጥታ፦
ይሄ ሁሉ ለአንድ ብረት በር? መልስ ስጧት። ሲሜትሪ የተለመደ ቃል ነው፣ ይጻፍ። ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ማን ተረጎመ? ግን «-ያዊ» ሲጨመርበት አፍ ይሞላል። «ግራና ቀኙ እኩል አይደለም» ቢል ምን ነበረበት? ጽሕፈት ላይ ወፍራም ቃል ማብዛት ደመወዝ አይጨምርም።

ባለ ስኳድራ፦
እኔም በያጅ ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት። ስለ ቃል አላውቅም፣ ስለ በር አውቃለሁ። የበሬሳ ልጅ፣ የሚጠየቀውን አንድም ሰው አልጠየቀሽም። በሩ እንዴት ነው? ባለ ሁለት ተካፋች ነው? ሁለቱ እኩል ናቸው? ሥዕሉን ማን ሰጣቸው? ማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራ፣ አስገብተው አይተውታል? ምሰሶው በቱንቢ ታይቷል?

እኩል ያልሆነ በር እና የተዛነፈ በር የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን ደንበኛ ያዝዛል። ሁለተኛውን እኛ ነን የምናመጣው፤ ወይ ማጠፊያው ደክሞ፣ ወይ ምሰሶው ዘምሞ፣ ወይ ቱቦላሬው፣ የብረት ቱቦው፣ ሲበየድ በሙቀት ተስቦ። ብየዳ ብረት ይስባል፤ አንድ ወገን ብቻ በይደህ ከተውከው ሲቀዘቅዝ ወደዚያው ይጎብጣል። አንዴ እዚህ፣ አንዴ በማዶው ነጥብ ነጥብ እያሉ ነው የሚበየደው። ጋሼ ይሄን ያጡታል ብዬ አይደለም፤ ግን ሂጂና ይለኩ።

የበሬሳ ልጅ፦
ወይ እናንተ! ሱቄን ዘግቼ ነው ያነበብኳችሁ። ባለ ስኳድራ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ዛሬ ጠዋት ከጋሼ ጋር ሄድን። ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ ይዘው፤ እኔ ደግሞ ደብተር።

በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው። ጠቅላላ ስፋቱ 4 ሜትር። የመኪናው ተካፋች 2.80፣ የእግረኛው 1.20። እና ጋሼ ከኪሳቸው የተቀደደ ወረቀት አወጡ፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሰጣቸው ሥዕል ነው፣ ማኅተም አለበት፣ 2.80 እና 1.20 ይላል! ሲሜትሪ የሌለው በር ያዘዙት እነሱ ናቸው። እዚያው በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ጥበቃው «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። ጋሼ ቱንቢውን አንጠለጠሉ፣ ዝም አሉ፣ እንደገና አንጠለጠሉ። ምሰሶው ደህና ነው። የመኪናው ተካፋች ግን ጫፉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ሲዘጋ የላዩ ክፍተት ከማጠፊያው በኩል ጠባብ ነው፣ ወደ መሐል ሲመጣ ይሰፋል። መሐል ላይ ሁለቱ ተካፋቾች ሲገናኙ ላሜራው አንድ መስመር አይሠራም፤ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። «ይሄን ነው ያዩት» አሉ ጋሼ። «የላዩ ማጠፊያ ነው። ለዚህ ክብደት ሦስት ማድረግ ነበረብኝ፣ ሁለት አደረግኩ።» ፊታቸው ቀላ፤ እኔ ወደ ሌላ አየሁ።

እና የእነሱ ዓይን ልክ ነው፤ ቃላቸው ነው የሳተው። ተዛንፏል ማለት ነበረባቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንዴት ያለ ነገር ነው! ተዛነፈ ጥሩ ቃል ነው፣ ደብዳቤ ላይም አያሳፍርም። «ዝንፍ አይልም» እንላለን፤ ከልኩ አይወጣም ለማለት። ልክ እንዳለ ያውቃል፣ ከልኩ መውጣትን ይናገራል። ሲሜትሪ የሌለው ነገር ግን ከምንም ልክ አልወጣም፤ ልኩ ራሱ እንደዚያ ነው። በርኖሱ፣ «ባ»ው፣ 2.80 እና 1.20።

ጎነ ሦስት፦
ይሄን ነገ ክፍል ውስጥ በር ሥዬ ነው የማስተምረው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ሲሜትሪ ማጣት፣ ማጠፊያው ላይ ያለውን መዛነፍ። ወረቀት ማሳጠፍ ሰልችቶኝ ነበር።

አቦይ ቀጥታ፦
አሁን ገባኝ። ይቅርታ፣ ለብረት በር አልነበረም። ደብዳቤውን ምን ብለሽ ጻፍሽው ታዲያ?

የበሬሳ ልጅ፦
አጭር ነው። «በሩ ሲሜትሪ የሌለው ሆኖ የተሠራው በተሰጠን ሥዕል መሠረት ሲሆን፣ የሥዕሉ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የመኪና መግቢያው ተካፋች ግን በማጠፊያ ምክንያት 2 ሴንቲ ሜትር መዛነፉን በልኬት አረጋግጠናል፤ በራሳችን ወጪ ሦስተኛ ማጠፊያ ጨምረን እስከ ሰኞ እናስተካክላለን። ከዚያ በኋላ ርክክቡ እንዲፈጸምልን እንጠይቃለን።»

ጋሼ አስነበቡኝ፤ አሁንም ሦስቴ። «በራሳችን ወጪ» የሚለው ላይ ትንሽ አኮረፉ። «ይውጣ?» አልኳቸው። «ተይው፣ የኔ ጥፋት ነው» አሉ። ከዚያ ፈርመው ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጠፉት፤ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ እንደሆነ ቀና ብለው አዩኝ። ገጥሟል።

«ስንት ነው ታዲያ?» አሉኝ።

«ተመጣጣኝ ዋጋ ነው፣ ጋሼ።»

«ኢ እንዳታስገቢበት ብቻ።»